የተሸጠው ፕሮግራሙ ነው ወይስ ተጠቃሚው?

ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. እኛ የአርበኞችን ድል ስናስብ ስካይፕ ተቀበረ። ቀባሪው ማነው ቢሉ፣ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቆጥሮ የገዛው ማይክሮሶፍት ራሱ ነው። ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ንብረት ለምን ይቀብራል? ነገሩ ወዲህ ነው።

ስካይፕ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ዕቃ ነው። በፈረንጆቹ 2003 ሲጀመር ፕሮግራሙን የጻፉት ኢስቶኒያውያን ነበሩ። በ2005 ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው። ምን እንደሚያደርግበት ግራ የገባው ይመስል በ2009 አብዛኛውን ድርሻ ለሌሎች ባለሀብቶች ሸጠ። በ2011 ደግሞ ማይክሮሶፍት መጣ።

ማይክሮሶፍት ያን ያህል ዶላር የከፈለው ለፕሮግራሙ ብቻ ነው እንዴ? የለም፣ ውስጡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ስለነበረ ነው። እንግዲህ የተሸጠው ሕዝቡ ነው ማለት ነው። ሕዝቡን ግን ትሸጣለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ኩባንያው በ2013 ሜሴንጀር የሚባለውን የራሱን መልእክት መለዋወጫ መዝጋት ጀመረና ተጠቃሚውን ወደ ስካይፕ ነዳ። በ2017 ቲምስን አመጣ። ከዚያ ወዲያ ስካይፕ የእንጀራ ልጅ ሆነ። የሚዘጋ መሆኑ የተነገረው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ስካይፕ ለአገራችን ሰው ምን እንደነበረ ያላየ የለም። ስንቷ እናት ናት ኢንተርኔት ካፌ ገብታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አሜሪካ ያለ ልጇን መልክ አይታ ያለቀሰችው! በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ሲወጣ ስካይፕ ሊታገድ ነው ተብሎ ወሬው ከዳር እስከ ዳር ተናፈሰ። መንግሥትም አልከለከልኩም ብሎ እስከ ማስተባበል ደረሰ። በመጨረሻ የዘጋው አካል ግን አዋጅም ምክር ቤትም አላስፈለገው። ማስተባበያማ ከየት ይመጣል!

ሰዉ ራሱ ትቶት ወደ ዋትስአፕና ቴሌግራም ሄዷል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሄዷል። ግን ባለቤቱ ፊቱን ካዞረበት ቤት ማን ይቀመጣል?

ሁሉም የተሸጠ ፕሮግራም ግን እንዲህ አይሞትም። ኦራክል በፈረንጆቹ 2010 ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲጠቀልል ኦፕን ኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም አብሮ ተወሰደ። የዚህኛው ኮድ ግን ለማንም ክፍት ነበር። ኦራክልን ያላመኑት ባለሙያዎች በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮዱን ቀድተው ወጡና ሊብሬ ኦፊስ አሉት። ኦራክል በዓመቱ ኦፕን ኦፊስን ለአፓቺ ፋውንዴሽን አስረክቦ እጁን ታጠበ። ሊብሬ ኦፊስ ግን ዛሬም በነጻ ይታደላል፣ ይታደሳል። ልዩነቱ ደግነት አይደለም፤ በሩ ክፍት መሆኑ ነው። የስካይፕ ተጠቃሚ ምን ይዞ ይውጣ? የድሮ ወሬውን የሚያወጣበት ጥቂት ወራት ተሰጠውና አበቃ።

መሥሪያ ቤቶቻችንና ባንኮቻችን በሚሊዮን ብር ፕሮግራም ሲገዙ ሻጩ ነገ ቢሸጥስ የሚል አንቀጽ ውላቸው ውስጥ አለ? ዶሴው በምን መልክ ይወጣል? በስንት ጊዜ? በማን ወጪ? ፊርማው ከመኖሩ በፊት የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ይመልሱልን።