ሞተር ብስክሌቱን ገመድ ይያዘው፤ ልጅ አይያዘው

በገጠር ልማት ሥራ ሞተር ብስክሌት የሚሰጠውን ጥቅም ለገበሬ ማኅበር መሪዎች መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ከጎጥ ወደ ጎጥ የሚዘዋወረው፣ የማዳቀል ቴክኒሺያኑ የኮርማ አባለ ዘር ይዞ ከገበሬው ደጅ የሚደርሰው፣ የወረዳው ተቆጣጣሪም የልማት ሠራተኞችን እየዞረ የሚያየው በአብዛኛው በዚሁ መጓጓዣ ነው። ስለ አነዳዱ፣ ስለ ነዳጁና ስለ መለዋወጫው በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። ሞተሩ ራሱ ጭነት ሆኖ ሲጓዝ ስለሚደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይነሳም።

ሞተር ብስክሌት ሁልጊዜ በራሱ ጎማ አይሄድም። ሲሰበር ወደ ወረዳው ከተማ ጋራዥ መወሰድ አለበት። በክረምት መረሬው መሬት ሲጨቀይ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ከጭቃው ይወጣል። አዲስ ሲገዛም ከከተማ በአይሱዙ ካሶኒ፣ አንዳንድ ጊዜም በእህል ጆንያ ላይ ተጭኖ ይመጣል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ወረዳዎች፣ እንዲሁም ትራክተር በገባባቸው የጎጃም ቀበሌዎች ይህ የዘወትር ነገር ነው።

ታዲያ ሞተሩ እንዴት ይታሰራል? በብዙ ቦታ የሚታየው ልማድ የታወቀ ነው። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ይቆማል፤ አንድ የቃጫ ገመድ መሐሉን ዞሮ ከስፖንዳው ጋር ይጠመጠማል። የቀረው ሥራ በአካባቢው ለተገኘ አንድ ጎረምሳ ይሰጣል። «ውጣና ያዘው» ይባላል። ልጁም ለሽርሽር እንደ ተጋበዘ ሰው ደስ ብሎት ዘሎ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህች «ውጣና ያዘው» የምትባል ትእዛዝ ከየማኅበሩ እንድትጠፋ ማሳሰብ ነው።

የልጅ ክንድ ስንት ኪሎ ይችላል?

በገጠር የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ከ100 እስከ 130 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ተሳቢው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ ሞተሩም በዚያው ፍጥነት እየሄደ ነው። ትራክተሩ ፍሬን ሲይዝ ያልታሰረው ሞተር ጉዞውን ይቀጥላል። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ነገር የያዘው ኃይል ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ሞተር ብስክሌት ከጣሪያ ሲወድቅ ከሥር ቆመህ ያዘው ቢባል እሺ የሚል ሰው አይገኝም።

በአውሮፓ አገሮች የሚሠራበት የጭነት አስተሳሰር ደረጃ ማሰሪያው ወደ ፊት የዕቃውን ክብደት 80 ከመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 ከመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችል ያዛል። ይህ ሒሳብ 120 ኪሎ ለሚመዝን ሞተር ሲሰላ ወደ ፊት 96፣ ወደ ጎን 60 ኪሎ ይሆናል። 60 ኪሎ ከግማሽ ኩንታል በላይ ነው። ይህን የሚያህል ጭነት በድንገት ሲገፋው፣ ያውም በሚንገጫገጭ ወለል ላይ ቆሞ የሚችል ልጅ የለም፤ ጎልማሳም ቢሆን አይችልም።

በርካታ የትራክተር ተሳቢዎች ባሌስትራ ስለሌላቸው መንገዱ የሚሰጠው ምት በቀጥታ ወደ ወለሉ ይደርሳል። ሞተሩ ሲወድቅ ልጁን ከስፖንዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ ማርሚታው ከጋለ ያቃጥለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ልጁ ሚዛኑን ስቶ ከተሳቢው ጎማ ሥር መውደቁ ነው። ትራክተረኛው ከፊት ተቀምጦ፣ በሞተሩ ድምፅ ጆሮው ተደፍኖ የሚነዳ ስለሆነ የልጁን ጩኸት ላይሰማ ይችላል።

የሚቀርቡት ምክንያቶች

ይህ ሲነገር ከመሪዎች የሚሰነዘሩ መልሶች አሉ። አንደኛው «መንገዱ አጭር ነው» የሚል ነው። ለመውደቅ ግን አንድ ጉድጓድ ይበቃል፤ ጉድጓዱም ከመንደሩ መውጫ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «ልጁ ለምዶታል» የሚል ነው። ልማድ የክንድን ጉልበት አይጨምርም። እስካሁን አለመውደቁም ነገ ላለመውደቁ ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛው «ገመድ የለንም» የሚለው ሲሆን፣ ይህ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው። ቢሆንም ትራክተርና ተሳቢ ለመግዛት ወይም ለመከራየት አቅም ያለው ማኅበር አራት ማሰሪያ ለመግዛት አቅም አያጣም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ማሰሪያውን ከተሳቢው ዕቃ እንደ አንዱ አድርጎ መቁጠር ነው። ጥማድ ከማውጣቱ በፊት ምራኑን የማይፈትሽ ገበሬ የለም። ቀንበሩና ሞፈሩ ደህና ሆነው ምራኑ የላላ እንደሆነ እርሻው እንደማይሄድ ያውቃል። የተሳቢው ምራን ማሰሪያው ነው።

ከመጫኑ በፊት

ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከትራክተሩ ጋር ሳይያያዝ ሞተር ሊጫንበት አይገባም። ክብደቱ በኋላ በኩል ሲያርፍ ተሳቢው ወደ ኋላ ይዘምና መሳቢያው ብረት ወደ ላይ ይነሳል፤ በአጠገቡ ያለውን ሰው ሊመታም ይችላል። ትራክተሩ በሜዳ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ከጎማዎቹ ሥርም ድንጋይ ይደረግ።

ሞተሩ ጠፍቶ ይገፋ እንጂ ማንም ተቀምጦበት እየነዳ በሳንቃ ላይ አይውጣ። ለመግፋት ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ፣ አንዱ ከኋላ ይሆናሉ። ሳንቃው አጭር ከሆነ ዳገቱ ይበረታል፤ የተሳቢው ወለል ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ሳንቃው ሦስት ሜትር ያህል ቢረዝም ይመረጣል። እንዳይንሸራተትም ጫፉ ከተሳቢው ጋር ይታሰር።

ከሳንቃ የተሻለም ዘዴ አለ። ማኅበሩ ከመጋዘኑ አጠገብ በድንጋይና በአፈር፣ ልክ እርከን እንደሚሠራው ሁሉ፣ የተሳቢውን ወለል የሚያህል ከፍታ ያለው መጫኛ ቢሠራ ሞተሩ በሜዳ እንደሚገፋ ተገፍቶ ይገባል። አባላቱ እርከን መሥራትን የሚያስተምራቸው አያስፈልጋቸውም፤ ጥቂት የሥራ ቀናት ይበቃሉ። ይኸው መጫኛ ለገበያ የሚወጡ ከብቶችን ለመጫን፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለማውረድም ያገለግላል።

አራት ማዕዘን፣ አራት ማሰሪያ

ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው አስተሳሰሩ አይቸግረውም። ምሰሶው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ገመዶቹ ከየአቅጣጫው እኩል ሲወጥሩት ነው። ሞተሩም እንዲሁ ነው። መሐሉ ላይ የተጠመጠመ አንድ ገመድ መውደቁን ያዘገይ እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም።

በመጀመሪያ የፊት ጎማው ከተሳቢው የፊት ስፖንዳ ጋር፣ በወለሉ መካከል ቀጥ ብሎ ይጠጋ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይዞርም በሁለት በኩል ወፍራም እንጨት ተመትቶ ጎማው በመካከል ይግባ። ማርሹ አንደኛ ላይ ይሁን፤ ከሳልባትዮው የሚወርደው የነዳጅ መዝጊያም ይዘጋ። የጎን መቆሚያው ይታጠፍ። በመቆሚያው ላይ ቆሞ የታሰረ ሞተር በየምቱ ክብደቱን በአንድ ቀጭን ብረት ላይ ስለሚጥል መቆሚያው ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፤ በዚያ ጊዜም ማሰሪያው ሁሉ ይላላል።

ቀጥሎ ሁለቱ የፊት ማሰሪያዎች የፊት ሹካው ሁለት እግሮች ከማኑብሪዮው በታች ከሚገናኙበት ጠንካራ ብረት ተነስተው፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ወደ ተሳቢው ሁለት ማዕዘኖች ይሳቡ። በማኑብሪዮው የጎማ መያዣ፣ በመብራት፣ በፓርፋንጎ ወይም በፍሬን ሽቦ ላይ ገመድ አይታሰርም። ሁለቱም በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ ይወጠሩ፤ አንዱ ብቻ ከተሳበ ሞተሩ ያዘነብላል።

የውጥረቱ መጠን ልብ ሊባል ይገባዋል። የፊቱ ሞላ ከሚወርድበት ግማሽ ያህል እስኪወርድ ይወጠር። ጨርሶ ካልወረደ በመጀመሪያው ጉድጓድ ሞተሩ ሲወርድ ገመዱ ይላላል፤ ጋንቾውም ከቀለበቱ ሊወልቅ ይችላል። እስከ መጨረሻው ከተጨቆነ ደግሞ ምቱን የሚያበርድ ነገር ስለማይቀር ኃይሉ ሁሉ በገመዱና በሹካው ላይ ያርፋል።

ሁለቱ የኋላ ማሰሪያዎች ከዋናው አካል ወይም ከጠንካራው የዕቃ መጫኛ ተነስተው ወደ ኋላና ወደ ታች ይሳቡ። የፊቶቹ ሞተሩን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ይዘውት፣ አራቱም ወደ ጎን እንዳይወድቅ ይደግፉታል። ገመዱ ስለታም ብረት የሚነካበት ቦታ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይደረግ፤ ከማርሚታውም ይራቅ።

የማሰሪያው ዓይነትም ይለያል። ያረጀና የተነከረ ቃጫ ይበጠሳል፤ ጠፍር ሲርስ ይላላል፤ ናይሎን ጠንካራ ቢሆንም ይለጠጣልና በየመንገዱ ደግሞ መወጠር ይፈልጋል። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ለቀላል ዕቃ ይሆናል እንጂ ለሞተር አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ባለ መወጠሪያ የጭነት ቀበቶ ነው። የሚችለው ክብደት በላዩ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት ማንበብ ያስፈልጋል።

ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ ቆሞ ማሰሪያውን መፈተሽ፣ የላላውን መወጠር ግዴታ ሊሆን ይገባል። ሲወርድም መጀመሪያ ሰዎች ሞተሩን በሁለቱም በኩል ይያዙ፤ ከዚያ የኋላው፣ በመጨረሻም የፊቱ ማሰሪያ ይፈታ።

የመሪዎች ድርሻ

ስሙ እንደ ቀድሞው የገበሬ ማኅበር ይባል፣ እንደ ዛሬው ቀበሌ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በገጠር የጋራ ንብረት የሚንቀሳቀሰው በመሪዎች ትእዛዝ ነው። የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 ከተቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ በገጠራችን ተሰብስቦ መወሰንና በቃለ ጉባኤ ማስፈር የተለመደ ሥራ ነው። ይህም ጉዳይ በቃል ምክር ብቻ የሚታለፍ ሳይሆን በዚያው መንገድ ሊወሰን የሚገባው ነው።

ውሳኔው ረጅም መሆን የለበትም። አራት ነጥቦች ይበቁታል። አንደኛ፣ ሞተር ብስክሌት በተጫነበት ተሳቢ ወይም ካሶኒ ላይ ማንም ሰው እንዳይሳፈር። ሁለተኛ፣ አራት ማሰሪያዎች፣ ሳንቃና የጎማ መደገፊያ እንጨቶች በተሳቢው ንብረት መዝገብ ላይ ተመዝግበው በመጋዘን እንዲቀመጡ። ሦስተኛ፣ በተሳቢው ወለል አራት ማዕዘኖች ላይ የብረት ቀለበቶች እንዲበየዱ። አራተኛ፣ ጭነቱን አይቶ «ይሂድ» የሚል አንድ ኃላፊ እንዲመደብ፤ እርሱ ሳያይ ትራክተረኛው እንዳይንቀሳቀስ።

ትራክተረኛው ቸኩያለሁ ቢል፣ ባለሞተሩም መሸብኝ ቢል ውሳኔው የሚጸናው መሪው ራሱ ካከበረው ነው። ለሊቀ መንበሩ ዘመድ ሲሆን የሚላላ ደንብ ለሌላው አይጠብቅም።

የሚድነው ንብረት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ አንዲት ላም ማየት ይበቃል። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ጠዋት የታየችው ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችው በማግሥቱ ጠዋት እንድትዳቀል የሚመከረው ለዚህ ነው። የቴክኒሺያኑ ሞተር በተሳቢ ላይ ወድቆ ሹካው ከተጣመመ ያ ሰዓት ያልፋል፤ ገበሬው 21 ቀን ገደማ ሊጠብቅ ነው። በአንድ ቀበሌ ስንት ላም፣ ስንት የወተት ቀን እንደሚባክን መሪዎች ራሳቸው ያስሉት።

ሹካ በጋራዥ ይቃናል፤ የተጣመመ ማኑብሪዮም ይለወጣል። ከተሳቢ ጎማ ሥር የገባ ልጅ ግን መለዋወጫ የለውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ከአጀንዳዎቹ አንዱ የተሳቢው ማሰሪያ ይሁን፤ አራቱ ቀበቶዎችም ቀጣዩ ሞተር ከመጫኑ በፊት ይገዙ።