የደመራ እሳትና የባቢሎን እሳት

በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ደመራ ሲበራ፥ ጥቂት መጻሕፍት ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች ይህ ልማድ ባቢሎናውያን ለእሳት አማልክት ያደርጉት ከነበረው አምልኮ የቀረ ነው እያሉ ይናገራሉ። በኦሮምኛ ደመራው ጉባ መባሉን፥ ቃሉም ከማቃጠል የወጣ መሆኑን ለማስረጃ ያቀርባሉ። ነገሩ የአዋቂ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም።

አስቀድመን የባቢሎንን አምልኮ እንወቅ። ፀሐይን ሻማሽ ብለው ፈራጅ አድርገው ይሰግዱለት ነበር። የእሳትን አምላክ ጊራ፥ የመብራትን አምላክ ኑስኩ ይሉ ነበር፤ የኑስኩም ምልክት ኩራዝ ነው። ማቅሉ፥ ማለት ማቃጠል፥ የሚባል በ9 የሸክላ ጽላት የተጻፈ ድግምት ነበራቸው፤ በዚህም የመተተኛን ምስል በእሳት እያቃጠሉ፥ ጊራን በስሙ እየጠሩ፥ እንዲፈርድላቸው ይለምኑት ነበር። እንግዲህ እሳትን ማምለክ ማለት እንጨት ማንደድ ሳይሆን እሳትን በስም ጠርቶ መለመን ነው። በደመራችን ፊት ግን ካህናት የሚያሸበሽቡት፥ ምእመናን የሚዘምሩት ንግሥት እሌኒ ባገኘችው መስቀል ላይ ለተሰቀለው ነው እንጂ ለነበልባሉ አይደለም።

መጽሐፈ ኩፋሌም እንደሚነግረን አብርሃም በከለዳውያን ዑር የጣዖታቱን ቤት በሌሊት አቃጠለ፤ ወንድሙ ሐራንም ጣዖታቱን ሊያድን ገብቶ በዚያው እሳት ሞተ። እሳት አማልክትን የሚበላ ፍጥረት ነው እንጂ አምላክ አይደለም፤ የእምነት አባት ይህን በሥራው አሳየ።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ለተቃዋሚዎቻችን ምክንያት የምንሰጥ እኛው ነን። ደመራው ሲወድቅ አንዳንዱ የወደቀበትን አቅጣጫ አይቶ ዘመኑ ጥጋብ ነው፥ ወይም ጦርነት ነው ብሎ ይተነብያል። የባቢሎን ሟርተኞችም የሚጤሰውን ዕጣን ጢስ አካሄድ እያዩ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጢሱ ለእሌኒ የመስቀሉን ስፍራ ያመለከተው ወደ እግዚአብሔር ስለ ጸለየች ነው እንጂ፥ እንጨት የሚመጣውን ዘመን ስለሚያውቅ አይደለም። ደመራን የባቢሎን እሳት የሚያደርገው መለኮሱ ሳይሆን ይህ ሟርት ነው።

ስለዚህ ካህናት አባቶች ሆይ፥ ችቦው ከመለኮሱ በፊት ሕዝቡን በአማርኛም በኦሮምኛም አስተምሩ። ትምህርት ሳይቀድመው የሚነድ ደመራ ለነቃፊ አፍ ማገዶ ይሆናልና።