የአይሮፕላን ማረፊያ ጥናት ዋጋና የሦስቱ ጎረቤታሞች ድርሻ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል ከገበያ የወጣ ይመስላልና ነጋዴ ለሆነ ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም። ሸክም ሲከፋፈል ይቀላል ማለት ብቻ አይደለም፤ ሎሚውን የያዘ ሁሉ ሽታው ይደርሰዋል፥ ስለ ሎሚውም ቃል የመናገር መብት ያገኛል ማለት ነው። ወልድያ፥ መርሳና ሀብሩ ስለ አይሮፕላን ማረፊያ በሚያስቡበት ጊዜ ሁሉ ይህ ብሂል ሊታወሳቸው ይገባል። ከማረፊያው ሥራ በፊት ጥናት መቅደም አለበት፤ ከጥናቱም በፊት የጥናቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

የአካባቢው ነጋዴ ሁኔታውን በሚገባ ያውቀዋል። ወልድያ የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈው ታላቅ መንገድ ይረግጣታል፤ ወደ ምዕራብም እስከ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ከእርሷ ይነሣል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በዚሁ በታላቁ መንገድ ላይ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ይህን ያህል የመንገድ መገናኛ በሆነ አገር የሚኖር ነጋዴ በአይሮፕላን ለመሄድ ያሰበ እንደሆነ ግን ወይ ወደ ላሊበላ ተራራ ለተራራ መውጣት፥ ወይም ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አለበት። እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ከ140 ኪሎ ሜትር አያንስም። ጠዋት ከቤቱ የተነሣ ሰው አይሮፕላኑ ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ቀኑ ያልቃል።

ስለዚህ በቅርብ ማረፊያ ቢኖር የሚለው ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ምክንያት ከቀረው አገር ተለይታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆየችበት ጊዜ፥ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ገበያ መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ባለሱቁ ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ይሁን እንጂ ምኞት ሌላ፥ ማስረጃ ሌላ ነው። ማረፊያ ቢሠራ የሚሄደው መንገደኛ ስንት ነው? የሚጫነው ዕቃስ ምንድን ነው? ትርፉ ለማን፥ ጉዳቱስ በማን ላይ ይወድቃል? እነዚህን በቁጥር ሳይመልሱ መሬት መምረጥ ሒሳብ ሳይዙ ሱቅ እንደ መክፈት ይቆጠራል።

በተለይ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጤን የሚገባው የመሬቱ ነገር ነው። ወልድያ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቁመቷም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አይሮፕላን ደግሞ ረጅምና ቀጥ ያለ ሜዳ፥ በሁለቱም ጫፍ ተራራ የማይጋርደው ሰማይ ይፈልጋል። አገሩ ከፍ ባለ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ለመነሣት የሚያስፈልገው ሜዳ ይረዝማል። በዚህ ምክንያት ሜዳ ፍለጋ የወጣ መሐንዲስ ዓይኑን ወደ ዝቅተኛው አገር፥ ይኸውም ወደ ሀብሩ ወይም ወደ ቆቦ አቅጣጫ መጣሉ የማይቀር ነው። የደሴም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ከተማዋ በተራራ ላይ ስላለች የሁለቱ ከተሞች ማረፊያ የተሠራው ታች በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ከማረፊያው ይበልጥ የምትጠቀመው ባለ ብዙ ሆቴሏና ባለ ዩኒቨርሲቲዋ ወልድያ ትሆናለች፤ መሬቱን የሚለቅቀው ግን የሀብሩ አራሽ ሊሆን ይችላል። ጥናቱን ወልድያ ብቻዋን ብትከፍል፥ አጥኚው እውነቱን ቢናገር እንኳ የሀብሩ ሰው አያምነውም፤ ከፋዩ የወደደውን ቃል ተናገረ ይባላል። ሀብሩ ብቻዋን ብትከፍልም የወልድያ ነጋዴ በተራው ይጠራጠራል። በሁለቱም ወገን ያልታመነ ጥናት ደግሞ ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ጉዳዩ የአራሹ ብቻ ነው የሚል ባለሱቅ ቢኖር ይሳሳታል። በመርሳና በወልድያ ገበያ የሚሸጠው ጤፍ፥ ማሽላና ፍራፍሬ የሚመጣው ከዚሁ ከዝቅተኛው አገር ነው። በጊራና በኩል ያለው በመስኖ የሚለማ መሬት ከአንድ ዓመት ዝናብ የማይጠብቅ ሀብት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅቅ አራሽ የመፈናቀያ ካሣውን ሲወስን፥ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 እንዲባዛ አድርጓል። ይህ ስሌት የሚመለከተው ባለ ይዞታውን ነው። ከአራሹ ብርቱካን ገዝቶ ወደ ደሴ የሚልከው ነጋዴ፥ ጭነቱን የሚያመላልሰው ባለመኪና፥ ለአራሹ ጨርቅና ስኳር በዱቤ የሚሸጠው ባለሱቅ ደንበኛውን ሲያጣ የሚደርስበት ኪሣራ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ነጋዴው ራሱ ካልጠየቀ በቀር የእርሱ ኪሣራ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

የቀድሞውም ሆነ የዛሬው የአገራችን ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። የቦሌ ጣቢያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጄት አይሮፕላኖችን ለመቀበል ሲሠራ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የሚገኝ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ከቦታል። በዙሪያው የሚሠራ ሕንፃ ቁመቱ በአይሮፕላን መንገድ ይወሰናል፥ ነዋሪውም ድምፁን ታግሦ ይኖራል። በቢሾፍቱ አጠገብ ለሚሠራው አዲስ ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ሲሆን፥ መጀመሪያ በዓመት 60 ሚሊዮን፥ ኋላም 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ለዚህም ሥራ ዋናው ግንባታ ከመጀመሩ አስቀድሞ የአራሾቹን የመስፈሪያ ነገር ማሰናዳት ግድ ሆኗል። የሰሜን ወሎ ማረፊያ በመጠን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ መቃወሚያ ይነሣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናትን ሥራና ወጪ በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ጥሏል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአገሪቱ የአይሮፕላን ጣቢያዎች በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ናቸው። ታዲያ ሕጉ ሌላውን ከፋይ አድርጎ ሳለ ከተሞቹ ስለምን ይከፍላሉ? የሚል ሰው አላጠፋም።

መልሱ እንደሚከተለው ነው። ሕጉ የሚያዘው ጥናት የሚመጣው ባለቤቱ ሥራውን ለመሥራት ካሰበ፥ ቦታውንም በልቡ ከመረጠ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጥያቄው «ጉዳቱ እንዴት ይቀነስ?» ይሆናል እንጂ «ማረፊያው ያስፈልጋልን? ቢያስፈልግስ የት ይሁን?» አይሆንም። ለሦስቱ ጎረቤታሞች የሚያስፈልገው ግን ይህ የቀደመው ጥያቄ ነው። ይህንንም ባለቤቱ ሊጠይቅላቸው አይችልም፤ ራሳቸው መጠየቅ፥ ራሳቸውም መክፈል ይገባቸዋል። በእጃቸው የራሳቸው ቁጥር ያለ እንደሆነ፥ ዋናው ጥናት በመጣ ጊዜ እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ይቀመጣሉ።

ይህ አሠራር በሌላ አገር የተሞከረ ነው። በአሜሪካ በዋሺንግተን ክፍለ ግዛት፥ በሲያትልና በታኮማ መካከል ያለውን ታላቅ የአይሮፕላን ጣቢያ የከበቡት እንደ ቡሪየንና ፌዴራል ዌይ ያሉት ከተሞች፥ ጣቢያው በነዋሪው ላይ ያለውን ተፅዕኖ ለማስጠናት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ከመደበው ገንዘብ ጋር የየራሳቸውን ድርሻ አዋጥተዋል። ጥናቱም በ2012 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ሌላ አካል ሆኖ ሳለ እነዚያ ከተሞች ከኪሳቸው የከፈሉት ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም፤ አጥኚው ለሁሉም መልስ ሰጪ እንዲሆን ፈልገው ነው።

ድርሻው እንዴት ይከፈል? የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል ብቻ የጥናቱ ዋጋ 100 ብር ነው ይባል። ግማሹን፥ ማለት 50 ብሩን፥ ክልሉ እንዲሸፍን ይጠየቅ። ከቀረው 50 ብር ውስጥ 15ቱን ወልድያ፥ መርሳና የሀብሩ ወረዳ እኩል አምስት አምስት ብር ያዋጡ። የተረፈው 35 ብር ደግሞ እንደ እያንዳንዱ ያለፈ ዓመት ገቢ ይደልደል። በዚህ ሒሳብ ወልድያ ብዙውን ትከፍላለች፤ የሚገባም ነው፥ ገበያዋ ሰፊ ነውና። እኩል የሚሆነው የመጀመሪያው ድርሻ ግን ትንሽ ቢሆንም ትልቅ ጥቅም አለው። ማንም ማንንም እንግዳ እንዳያደርገው ይጠብቃል። በአጥኚው ምርጫ፥ በጥያቄዎቹ ዝርዝርና በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ሦስቱም እኩል ድምፅ ይኑራቸው። ክፍያው እንደ አቅም፥ ድምፁ እኩል ይሁን ማለት ነው።

ወጪውን የሚያቀልል ነገርም በአጠገብ አለ። የስሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚያው በሀብሩ ነው፤ ስለ አፈሩና ስለ ዝናቡ የሚያውቀውን ከሩቅ የሚመጣ አጥኚ በጥቂት ወራት ሊያገኘው አይችልም። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም መምህራንና ተማሪዎች አሉት፤ በገበያ ቀን ቆመው የሚመጣውንና የሚሄደውን ጭነት ሊቆጥሩ ይችላሉ። ነጋዴው ራሱ የሦስት ዓመት የጭነት ደረሰኙን ቢያቀርብ ከገንዘብ መዋጮ የማያንስ አስተዋፅኦ ነው።

ጥናቱ ሊመልሳቸው ከሚገቡት ጥያቄዎች ውስጥ ጥቂቶቹ ግልጥ ናቸው። በአይሮፕላን ሊጫን የሚችለው የአካባቢው ምርት ምን ያህል ነው? ኪራዩንስ ይችላልን? ከምዕራብ ተራሮች በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ይበላዋልን? ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የታቀደውና በ2007 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት የባቡር ሐዲድ አገልግሎት ቢጀምር፥ የማረፊያው ጥቅም ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ወደ ላሊበላና ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን መንገድ ማሻሻል በአነስተኛ ዋጋ ተመሳሳይ ጥቅም አይሰጥምን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ መዘለል የለበትም። ጥናት ጥናት የሚሆነው «አይሆንም» የሚል መልስ ለመስማት የተዘጋጀ ከፋይ ሲኖረው ነው።

በጦርነት የተጎዳ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ሳለ ለጥናት ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚሉም ይኖራሉ፤ ቃላቸውም ክብደት አለው። ለዚሁም ሲባል የከተሞቹ ድርሻ ከሕክምናና ከትምህርት በጀት ሊነካ አይገባም፤ የሚጠቀመው ነጋዴ በየምክር ቤቱ በኩል የከተማውን ድርሻ ያግዝ። ጥናቱም በሁለት ደረጃ ይከፈል፤ መጀመሪያ የገበያው ቆጠራ ይሠራ፥ እርሱ የማያዋጣ መሆኑን ያሳየ እንደሆነ ሁለተኛው ሳይጀመር ይቅር። ገና ያልታወቀ ነገር ወሬ ሆኖ ሲናፈስ ግን ወጪው ከዚህ ይበልጣል። ማረፊያ ይመጣል ሲባል የቦታ ዋጋ ይንራል፥ አራሹ ዛፍ መትከሉን ይተዋል፥ ባለገንዘቡም ሱቅ የሚከፍትበትን ብር በማይታወቅ መሬት ላይ ያሥረዋል። ይህን ኪሣራ የሚያካፍል ጎረቤት አይገኝም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይሸከመዋል።

«አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን የጨርቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የሦስቱ ጎረቤታሞች ነጋዴዎች በቅድሚያ የሚያደርጉት ነገር ቀላል ነው። ከየወገናቸው ሁለት ሁለት ሰው መርጠው በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡ፤ እነዚህ ስድስት ሰዎች የጥያቄዎቹን ዝርዝርና የመዋጮውን ድልድል በአንድ ወረቀት ጽፈው ይፈርሙ። ማረፊያው ቢመጣ የሀብሩ አራሽ ተጠይቆ፥ የመርሳ ባለሱቅ ተቆጥሮ፥ የወልድያ ነጋዴም ከፍሎ የመጣ ይሆናል። ባይመጣም ሦስቱ ስለ ገበያቸው የሚያውቁትን እውነተኛ ቁጥር በእጃቸው ይዘው ይቀራሉ፤ ለመንገድም፥ ለመስኖም፥ ለባቡርም ሲጠይቁ የሚያቀርቡት እርሱን ነው።