የመንገድ ሻንጣ በመልኩ ሳይሆን በስፌቱ ይመረጥ

«ቀልቀሎ ስልቻ፥ ስልቻ ቀልቀሎ» የሚለው የአበው ተረት ልዩነት የሌላቸውን ነገሮች ለማመልከት የሚነገር ነው። ወደ ገበያ ሲመጣ ግን ይህ ተረት በሻንጣ ላይ አይሠራም። በቢቸናና በሞጣ ሱቆች የሚሰቀሉት የመንገድ ሻንጣዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም፥ አንዱ ለብዙ ዓመት ሲያገለግል ሌላው በመጀመሪያው ጉዞ ይተረተራል።

ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብለው፥ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጮቄ ተራራ አካባቢ የሚገኙ ናቸው። በክረምት ዝናቡና ጭቃው፥ በበጋ ፀሐዩና አቧራው ዕቃን ይፈትናል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገደኛ ጋቢውንና ስንቁን የያዘውን ሻንጣ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ያስጭናል፤ ከመኪና ሲወርድም በበቅሎ ወይም በትከሻ ይቀጥላል። ጮቄን ለማየት የሚወጣው ጎብኚም ድንኳኑንና መኝታውን የሚያስጭነው እንዲሁ ነው። እንግዲህ ሻንጣው ቢቀደድ ገዢው በብርድ አገር መኝታው ይረጥብበታል፤ ሻጩም ደንበኛውን ያጣል።

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ስልቻው ሆዱ ሳይሰነጠቅ ከተገፈፈ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ የሚዘጋጅ ስለሆነ ስፌቱ እጅግ ጥቂት ነበር። ስፌት ባነሰ መጠን የሚተረተረው ቦታ ያንሳልና፥ ይህ ብልሃት ዛሬም አላረጀም።

አውሮፓውያን «ዳፍል» የሚሉት ረጅም ሻንጣም ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ሳይሆን፥ በቤልጅግ አገር በምትገኘው በዱፈል ከተማ ስም ከተጠራው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ነው። በዛሬው ጊዜ የክር ውፍረት በዴኒየር ይለካል፤ ይኸውም የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። ለቀላል ልብስ 600 ዴኒየር ሊበቃ ይችላል፤ በበቅሎ ለሚጫን ዕቃ ግን 1,000 ዴኒየርና ከዚያ በላይ ይሻላል። ናይሎን መፋተግን፥ ፖሊስተር ፀሐይን የበለጠ ይችላል። በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ዝናብ ቢከላከልም የውስጡን እርጥበት አያስወጣምና፥ ዕቃው ደርቆ መግባት አለበት።

ዚፑ ጥርሱ ሰፊ፥ ቢቻል ቁጥር 8 ወይም 10 ይሁን። ማንገቻው በሻንጣው ታች ዞሮ የሚያልፍ፥ መጋጠሚያውም በአራት ማዕዘንና በመስቀል የተሰፋ መሆን አለበት። ባለሱቁ ሸቀጡን ከመረከቡ በፊት በአንዱ ሻንጣ ውስጥ 30 ኪሎ እህል ከትቶ፥ በአንድ እጀታ ብቻ አንሥቶ ደጋግሞ ቢያወዛውዘው እውነቱ ወዲያው ይገለጣል።

ላኪው ቡናውን በ60 ኪሎ ጆንያ ሲያስጭን የጆንያውን ጥንካሬ ሳይመረምር አያልፍም። አስመጪውስ ለሚያስመጣው ሻንጣ ስለምን ያንኑ ጥንቃቄ አያደርግም? የጨርቁን ዓይነት፥ የክሩን ውፍረትና የዚፑን ቁጥር በትእዛዙ ላይ በጽሑፍ ማስፈር፥ ናሙናም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

በርግጥ ገዢው ሁሉ ውድ ሻንጣ ሊገዛ አይችልም። ርካሹን መሸጥም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለቤት የተሠራውን ለበቅሎ ጭነት ይሆናል ብሎ መሸጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን በቅንነት የሚነግር ባለሱቅ ዛሬ ጥቂት ትርፍ ቢቀርበት፥ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያው ገዢ ጎረቤቱን አስከትሎ ይመጣለታል።