ባትሪው ሞተ ከማለት አስቀድሞ

በጅቡቲ ከተማ መኪና ይዞ የሚኖር ሰው በግንቦት ወር ማለዳ የሚሆነውን ነገር ያውቀዋል። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ወላጅ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ከኮፈኑ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ወዲያው ጎረቤት ይመጣና «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ከወር በኋላም ያው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። የቤተ ሰቡ ገንዘብ የጠፋው ሳይመረመር በተሰጠው ፍርድ ነው።

ስለዚህ ባለመኪናው ቴስተር በተባለው ርካሽ መለኪያ፣ እቤቱ ሆኖ፣ ጉድለቱ ኤሌክትሪክን ከሚያጠራቅመው ባትሪ፣ ከሚያመነጨው ዲናሞ ወይም ከሚያስተላልፈው ሽቦ መሆኑን እንዴት ለይቶ እንደሚያውቅ በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጠባይ ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው የባትሪ ጠላት ብርድ ይመስለዋል፤ ብርድ ግን የደከመውን ባትሪ ያጋልጠዋል እንጂ የሚያደክመውስ ሙቀት ነው። በጅቡቲ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከኮፈኑ ሥር ያለው ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፤ በውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፤ የእርሳስ ሰሌዳዎቹም ቶሎ ይበላሉ። በዚህ ላይ ከተማዪቱ ጠባብ ናት። ከኤሮን ሰፈር ተነሥቶ ሰዉ ዛሬም ምኒልክ አደባባይ እያለ እስከሚጠራው ስፍራ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በዚህች አጭር መንገድ አየር ማቀዝቀዣውና መብራቱ እየሠሩ፣ ሞተሩም በመኪና ሰልፍ ውስጥ በዝግታ እየዞረ፣ ሲነሣ የወሰደውን ኀይል ለባትሪው ሊመልስለት አይችልም። እንዲህ ያለው ባትሪ ቀስ በቀስ የሚራብ ነው፤ ስለዚህም የተራበውን እንደ ሞተ መቁጠር አይገባም።

አሁን ወደ መለኪያው እንመለስ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ቴስተሩን በቀጥታ ኤሌክትሪክ 20 ቮልት በሚለው ላይ አድርጎ ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ ራስ ላይ ማሳረፍ ነው። 12.6 ቮልት ቢያሳይ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢሆን ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ የሆነው በቻርጀር ከተሞላ በኋላ አንድ ሌሊት አሳድሮ እንደ ገና መለካት ያሻል። ሞልቶ ካደረ ጥፋቱ የሌላ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቍጥሩን መመልከት ነው፤ የተሞላው ባትሪ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ያን ጊዜ በእውነት አርጅቷል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቍጥሩ ወደ 14 ቮልት አካባቢ መውጣት አለበት። በ12 ላይ ቆሞ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ዲናሞው አይሞላም። ዲናሞውን ከማስፈታት በፊት ግን የሚያዞረው ቺንጋ አለመላላቱን፣ እንደ መስተዋት አለመለስለሱን፣ ቫልቮላውም አለመቃጠሉን መመልከት ይገባል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ቁልፉ ሲከፈት በርታ፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት፤ አምፖሏ ተቃጥላ ከነጭራሹ ካልበራች ዲናሞው ራሱ ሥራውን ላይጀምር ይችላል። ቍጥሩ ከ15 በላይ ቢወጣ ደግሞ መቈጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪውም የበሰበሰ ዕንቍላል የመሰለ ሽታ ያመጣል። አንዳንድ አዲስ መኪናዎች ባትሪው ሲሞላ በኮምፒዩተር አዝዘው ቍጥሩን ዝቅ ስለሚያደርጉ መብራቱን አብርቶ መለካት ይሻላል።

በዚህ ስፍራ ስለ ቋንቋ አንድ ቃል እንጨምር። ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ቫልቮላ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ በአስመራም ሆነ በአዲስ አበባ መካኒኩ ሁሉ ይግባባባቸዋል። በጅቡቲ ጋራዥ ግን የፈረንሳይኛው ስም ነው የሚሠራው፤ ሞተሪኖው ዴማረር፣ ቺንጋው ኩሩዋ፣ ቫልቮላውም ፊዩዚብል ይባላል። ቃሉን ሳያውቅ የሄደ ሰው ያላዘዘውን ዕቃ ተቀብሎ ሊመለስ ይችላል።

አጥብቀን የምንቃወመው አንድ ልማድ አለ። አንዳንድ ሾፌሮች ዲናሞውን ለመፈተን ሲሉ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ይነቅላሉ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው ይላሉ። ይህ ከጥንቱ ዲናሞ ዘመን የተወረሰ ነው። በዛሬው መኪና ሽቦው በተነቀለ ቅጽበት ቮልቱ በድንገት ብዙ ዐሥር ቮልት ሊዘልል ይችላል፤ የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናውን ኮምፒዩተር ያቃጥላል። ኮምፒዩተሩ ከስንት ባትሪ ዋጋ ይበልጣል! ከባትሪውም የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ስለሚፈነዳ አሲዱ የሰውን ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። በርካሽ መለኪያም ቢሆን መለካት ከዚህ ይሻላል።

ባትሪውም ዲናሞውም ደኅና ሆነው ከተገኙ መንገዱን መጠርጠር ነው፤ በባሕር ዳር ከተማ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። ጨው ያለበት እርጥብ አየር የሽቦውን ጫፍና ኔጌቲቩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ይበላዋል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ቢያደርጉት ከ0.2 ቮልት በላይ ማሳየት የለበትም። ከበለጠ ሞተሩን አጥፍቶ ኔጌቲቩን አስቀድሞ መፍታት፣ ነጩን ዱቄት በቢካርቦናትና በውሃ አጥቦ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያም ፖዘቲቩን አስቀድሞ፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ ማሰርና በግራሶ መቀባት ነው። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የጅቡቲ የጕድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፤ አንዳንድ ሰዎች የሚያጠራቅሙት ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውሃም ጥርት ያለ ቢመስልም አቧራና የብረት ዝቃጭ ይዞ ስለሚወርድ አይሆንም።

መኪናው ቆሞ እያለ ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ፣ በሌሊት ኀይል የሚሰርቅ አለ። ብዙ ጊዜ ኋላ የተገጠመ ራዲዮ ወይም የሌባ ደወል ነው። ቴስተሩን በአምፔር በኩል በኔጌቲቩ ሽቦና በባትሪው ራስ መካከል አስገብቶ፣ ኮምፒዩተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከቀረ ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቍጥሩ የሚወርድበትን መፈለግ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር መለኪያውን ያቃጥላል።

ወደ ጋላፊ የሚወጡት ከባድ መኪናዎች ሁለት ባትሪ በማያያዝ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ እያንዳንዱን ለብቻው መለካት ያሻል፤ አንዱ ብቻ ደክሞ ከተገኘም አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማጣመር አዲሱን ያስረጀዋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በወደቡ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። እነርሱም ለመብራቱና ለበሩ ቁልፍ የሚያገለግል ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እርሱ ሲደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ እያለ መኪናው አልነሣም ይላል፤ በዕረፍት ጊዜ የሚለካበትም መንገድ ከላይ የጻፍነው ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ሽቦዎች ግን ብዙ መቶ ቮልት ስለሚያስተላልፉ በቤት የሚነካቸው ሰው መኖር የለበትም።