የሳጥኑ ጠገራ

አምባራስ ላይ አንድ ተማሪያችን ከአያቱ ሳጥን የወጣ ጠገራ ብር አሳየን።

«ኡስታዝ፣ 1780 ይላል፤ ጥንታዊ ነው ብዬ ልሽጠው?»

ማርያ ትሬዛ በፈረንጆች 1780 ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። ቁጥሩን ብቻ አሳይቶ «የዚያን ዘመን ነው» ማለት ገዢን ማታለል ነው። እንዲያብረቀርቅ መፈተጉም ዋጋውን ያወርዳል። የማይዋሸው ሚዛኑ ነው፤ ከ28 ግራሙ 23.4 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው።

«ስንት ናቸው?» አልነው።

የብር ኒሷብ 595 ግራም ስለሆነ፣ ሌላ ገንዘብ ባይኖር እንኳ 26 ጠገራ ዓመት ከሞላው ከ40 አንድ እጁ ዘካ ነው።

«ሠላሳ ናቸው፤ አያቴ ግን ዘካ አውጥታ አታውቅም» አለን።

እናንተስ ሳጥናችሁን ቆጥራችኋል? እኛ የረሳነውን አላህ አይረሳውም።