ለኤላት ባሕር ሌሊቱ ይመለስለት

በኤላት ባሕር ዳርቻ የሚተከለው መብራት ቀለም የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም እንላለን።

ምክንያቱ ይህ ነው። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። በዓይን የማይታዩት የባሕር አልጌዎችም ኑሯቸውን ከዚሁ ጋር አስማምተዋል። ክሎሮፊል ሰማያዊውንና ቀዩን ይቀበላል፣ አረንጓዴውን እምብዛም። ዲያቶም የሚባሉት አልጌዎች ግን ፉኮዛንቲን በተባለ ቡናማ ቀለም አረንጓዴውንም በከፊል ይጠቀሙበታል። ኮራሎችም አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት በአካላቸው ውስጥ ከሚኖሩ አልጌዎች ነው።

እነዚህ አልጌዎች ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ጨለማ ያስፈልጋቸዋል። የተለመደው ነጭ የኤልኢዲ መብራት ደግሞ በውስጡ ብዙ ሰማያዊ አለው። በቀይ ባሕር ኮራሎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሌሊት የበራ ሰማያዊና ነጭ መብራት የአልጌዎቹን ብርሃን አስተጻምሮ ከቢጫው ይበልጥ ጎድቷል።

ከተማዋ ትጨልም፣ ቱሪስት ይቅር አላልንም። በዳርቻው ያለው መብራት ቢጫ ይሁን፤ ወደ ውኃው ሳይሆን ወደ መሬት ያብራ፤ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ይቀንስ። ይህን ማድረግ የሞተ ኮራልን ከመተካት እጅግ ይቀላል።

«ይህ የእኛ ማኅበረሰብ ጉዳይ ነው ወይ?» ለሚሉን ጓደኞቻችን መልሳችን አዎ ነው። ስለ ቤትና ስለ ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ ባሕሩም ድምፅ አለን። ባዮሎጂ የምንማር ተማሪዎች ለወላጆቻችን በአማርኛ በማስረዳት እንጀምር።